ከላይብረሪው በር የመጣ መርዶ

ባለፈው ሳምንት የማላውቀው ቁጥር ሲደውልልኝ እንደ ልማዴ አላነሣሁም። ቶሮንቶ ዳር፣ ስካርቦሮ ቤቷ ብቻዋን ለምትኖር ጡረተኛ የማይታወቅ ቁጥር ማለት ወይ አጭበርባሪ ነው፣ ወይ ጣሪያሽን እንጠግን ባይ። ደግሞ ደጋግሞ ሲጮህ በንዴት አነሣሁት። አንዲት ልጅ በተሰባበረ አማርኛ፣ "እትዬ አስቴር ነሽ? ዩኒቨርሲቲው አርካይቭ ነው የምሠራው። አንድ ፎቶ አለ፤ ወንድምሽ ይመስለኛል" አለችኝ። "እትዬ" ብላ "ነሽ" ማለቷ ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቀኝ ነበር። ያን ቀን ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ልጅቷ ሊዲያ ትባላለች፤ እዚሁ ቶሮንቶ የተወለደች የሀበሻ ልጅ ናት። ድሮ በግቢው ውስጥ ጦርነት ሲቃወሙ የነበሩ ተማሪዎች የተዉትን ፖስተር፣ በራሪ ወረቀትና ፎቶ እየለየች ማስቀመጥ ነው ሥራዋ። ከፎቶው ሥር የሀበሻ ስም አይታ ነው ያፈላለገችኝ። በማግስቱ አውቶቡስና ባቡር ቀያይሬ ሄድኩ። ከካርቶን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችልኝ ሰሎሞን ነበር፤ በወታደር ልብስ፣ ሊስቅ ሲል ካሜራው የቀደመው።

ያ ፎቶ እዚያ የደረሰው የባሕረ ሰላጤው ጦርነት በተጀመረበት ዊንተር ነው። እኔ በሱዳን አድርጌ ከመጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ፓርክዴል ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ቀን እዚያው ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ፣ ማታ ቢሮ አጸዳለሁ። ሰሎሞን ታናሼ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና አፍሰው ወደ ሰሜን ከወሰዱት በኋላ ያችን ፎቶ ላከልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። አንዳንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ጥግ ላይ እቆምና ሲያልቅ ሹልክ ብዬ እወጣለሁ። ዓይን አፋር ነበርኩ፤ ዛሬ ማን ያምነኛል! አንድ ቃል አማርኛ ከአፌ ሳይወጣ ሳምንቱ የሚያልቅበት ጊዜ ነበር። ብቻዬን እንዳላወራ ደግሞ አበደች እንዳይሉኝ እፈራለሁ። ብቻ ሆድ ይብሰኝ ነበር፣ በቃ።

ላይብረሪው ደጃፍ ላይ ተማሪዎች ጠረጴዛ ዘርግተው ጦርነቱ ይቁም እያሉ ወረቀት ያድላሉ፤ ለሚቆምላቸው ሁሉ ትኩስ የምስር ሾርባ ይሰጣሉ። እውነቱን ልናገር አይደል? የሳበኝ ሰላሙ ሳይሆን ሾርባው ነው። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ፣ ያውም ትኩስ፣ ያውም በነጻ! በርበሬ የለው፣ ጨው የለው፤ ግን አንጀት ያርሳል። የምትቀዳው ጆአን የምትባል፣ አፍንጫዋ በብርድ የቀላ ረጅም ልጅ ነበረች። አንድ ቀን፣ "አንቺ አገርስ ጦርነት አለ?" አለችኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ስለ እኔ የጠየቀኝ ሰው አልነበረምና ስለ ሰሎሞን ዘረገፍኩላት። ሾርባው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

እነ ጆአን ጦርነት የነጠቃቸውን ሰዎች ፎቶ በር ላይ ሊሰቅሉ እያዘጋጁ ነበር። የአንዱ አያት፣ የሌላዋ አጎት። "የወንድምሽን ስጪን" አለችኝ።

"እሱ እኮ አልሞተም፤ የት እንዳለ አላውቅም እንጂ" አልኳት።

"ለዚህ እኮ ነው ሰው ሊያየው የሚገባው።"

ደስ አለኝ። አንድ ሰው ስለ ሰሎሞን ሊያስብልኝ ነው ብዬ ፎቶውን አመጣሁላት። በትልቁ ኮፒ አድርጋ ኦሪጅናሉን መለሰችልኝ፤ ከሥሩ ስሙን፣ አገሩንና "የአስቴር ወንድም" ብላ በእንግሊዝኛ ጽፋ ሰቀለችው። ሥሩ አበባ አስቀመጡ፤ ሻማ አበሩ። እኔም ክላስ ስገባና ስወጣ በልቤ ሰላም እለው ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ከፊት ጋሼ ሙሉጌታ ቆመዋል፤ አንድ እሑድ በረዶ ሲጥል ከቤተ ክርስቲያን በታክሲያቸው ያደረሱኝ ሰው ናቸው። አጠገባቸው ቤተ ክርስቲያን የማያቸው እትዬ ጽጌ፣ ከወፍራሙ ካፖርት በላይ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው። ከኋላ ደግሞ ኮሪደሩን የሞሉ የማላውቃቸው ሀበሾች። የእኛ ሰው በማለዳ ተሰብስቦ፣ ነጠላ ዘቅዝቆ ሲመጣ ምን ሊል እንደመጣ አይጠየቅም። "ሰሎሞን!" ብዬ ጮኽኩ። እትዬ ጽጌም፣ "አይዞሽ ልጄ፣ እግዜር ያጽናሽ" እያሉ ደግፈው ያዙኝ። የሕንፃው ተቆጣጣሪ ሰው ተገደለ ብሎ በፒጃማ ሮጦ መጣ።

ቀኑ እስኪጋመስ አለቀስኩ። ከዚያ ድምፄ ሲዘጋ፣ "የት ወደቀ አሉ? ማን ነው የጻፈላችሁ?" አልኳቸው።

እርስ በርስ ተያዩ። "የምን መጻፍ?" አሉ ጋሼ ሙሉጌታ። "ሰው ላደርስ ሄጄ በዓይኔ አየሁት እንጂ። ከነሻማው፣ ከነአበባው ላይብረሪው በር ላይ አውጥተውት የለም እንዴ! ይቺ ልጅ ሳትሰማ በዚያ በኩል ያለፈች እንደሆነ ብዬ እኮ ነው ሰው ያሰባሰብኩት።"

"እኔ ነኝ የሰጠኋቸው" አልኩ። "ጠፋብኝ ብዬ።"

 ከዚያ እትዬ ጽጌ፣ "በስመአብ! ልጁን በቁሙ አለቀስንበት!" ብለው ነጠላቸውን ማቃናት ጀመሩ። ጋሼ ሙሉጌታ መግቢያ አጡ። አንዷ ሳቋ አመለጣት፤ እኔም በእንባዬ ላይ ሳቅኩ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ዕድሜ ይጨመርለታል ተባባልን። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ለልቅሶ ያመጡትን ምግብ በላነው፤ ያልተነሣ የአገር ቤት ወሬ አልቀረም። የሳምንታቱን አማርኛ በአንድ ቀን ጨረስኩት። ሲመሽ ተራ በተራ ወጡ። ወንበር ስላልነበረኝ ሰው ሁሉ የተቀመጠው አልጋዬ ላይ ነበር፤ አንሶላው እንደተጨማደደ ተኛሁበት።

በዚያው ዓመት ደርግ ወደቀ። ወታደር ሁሉ በየመንገዱ ተበትኖ ወደ ቤቱ ሲገባ ሰሎሞን አልገባም። ጠየቅሁ፣ አስጠየቅሁ። እናቴ ጥቁር ሳትለብስ፣ በር በሩን እያየች አለፈች። እዚህም ማንም ምንም አላለኝም። አንዴ በሐሰት አርድተውኝ የለ፤ ዳግመኛ በሬን ለማንኳኳት ማን ይድፈር! እኔም ነገሩን እንደ ቀልድ እያወራሁ ስንት ሰው አስቄበታለሁ።

ሊዲያ ኮምፒውተሯን ከፍታ፣ "የፎቶውን ዲስክሪፕሽን ልሙላ" አለችኝ። "ሶሪ እትዬ፣ ምን ልበል? ሞቷል ወይስ ሚሲንግ፣ ማለቴ ጠፍቷል?"

እጇ ኪቦርዱ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ሌሎች አንባቢዎች አንገታቸውን ደፍተዋል። እዚያ ሰው አይጮህም። ሞቷል ብል መርዶ ነጋሪዋም፣ ሰሚዋም፣ አልቃሿም እኔው ልሆን ነው። አልሞተም እንዳልል ደግሞ ስንት ዓመት አለፈ! "ለጊዜው ክፍት ተዪው የኔ ልጅ" አልኳትና ወጣሁ።

ጋሼ ሙሉጌታ ካረፉ ቆይተዋል። እትዬ ጽጌ ግን አሉ፤ ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባል ሰፈር ከልጃቸው ጋር ናቸው። ደወልኩላቸው።

"እትዬ ጽጌ፣ ቅዳሜ ማለዳ ሰው ይዘው ይምጡልኝ።"

"ምን ሆንሽብኝ?"

"ሰሎሞንን ያርዱኝ።"

 "ምን ሰማሽ ልጄ?"

"ምንም። እስከ ዛሬ ምንም።"

"ይሁን" አሉ። "እንመጣለን።"

ዛሬ ዓርብ ነው። ከጎረቤት ወንበር ተውሼ ሳሎን ደርድሬያለሁ። የሚሉኝን አውቀዋለሁ፤ እኔው ነኝ የጠራኋቸው። ይህን ሁሉ ዓመት ግን ብቻዬን ሳውቀው ኖሬ አንድ ቀን እንኳ አላለቀስኩም፤ መርዶ ለካ ወሬ አይደለም፣ ሰው ነው። ነገ በሬ ሲንኳኳ፣ እያወቅሁም፣ እንደምደነግጥ አልጠራጠርም።