ከእህቴ ጋር ፎቶ ልነሳ ለቡ የሄድኩ ለት

እኔን ብሎ ፎቶ ተነሺ! አራት ጥርስ ይዤ፣ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር እየጮኸ፣ ምን ጥልቅ አደረገኝ? ፊደል ስላልቆጠርኩ እኔ ሳወራ የልጅ ልጄ ሜሮን ትጽፋለች። ጥፋቱም የሷ ነው። ፎቶ አንሺ ናት፤ የተራራቁ ዘመዳሞችን አቀራርባ እያስቀመጠች ታነሳለች።

«እማማ፣ አንቺንና እማማ አስካለን ላንሳችሁ» አለችኝ።

አስካለ ታናሽ እህቴ ናት። ባሏ ሲሞት ጉልበቴን አሞኛል ብዬ ለቅሶ አልደረስኩም፤ ስልክ ደውዬ አለቀስኩ። ይኸው ሁለት ዓመት፣ አታናግረኝም። ሜሮን «እመጣለሁ ብላለች» ስትለኝ ቀሚሴን አጥቤ ተነሳሁ። ልታረቅ እንጂ ፎቶው ምኔ ነው?

ጠዋት፣ ከጎፋ

ሜሮን ቀድማ ሄዳለች። ታክሲው ውስጥ ለሦስት ሰው ወንበር አራት ሆነን ተጣበቅን። አጠገቤ ያለውን ጎልማሳ «አንተ፣ እንዲህ ከተቃቀፍንማ እኛም ፎቶ እንነሳ!» ስለው ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ላፍቶ ወረድኩ። ጤፍ ሲዘራበት የማውቀው ሜዳ ፎቅ በፎቅ ሆኗል። አስካለ ትወዳለች ብዬ አንድ ኪሎ ሙዝ ገዛሁና የለቡን ታክሲ ያዝኩ።

ለቡ

ሜሮን የተዋሰችው ቤት ገና በግንባታ ላይ ያለ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። መደገፊያ የሌለውን ደረጃ በየመሀሉ እየተቀመጥኩ ወጣሁት። አስካለ ቀድማ መጥታ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች።

«ሙዝ አመጣሁልሽ።»

«በልቻለሁ።»

ሜሮን መጀመሪያ ጀርባ ለጀርባ አስቀመጠችን። እሱ ቀላል ነው፤ ለምደነዋል። ቀጥላ «አሁን ተቃቀፉ» አለች። አስካለ አቀፈችኝ። በአንድ ቁርበት ስንተኛ የማውቀው ሙቀቷ! እንባዬ መጣ። ጆሮዋ ስር «አስኩዬ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት።

ከንፈሯን ሳታነቃንቅ «ለፎቶው ነው። ዝም በይ» አለችኝ።

«እማማ፣ እንባው ግሩም ነው! እንዳትጠርጊው!» ትላለች ሜሮን።

«በቃ» ከመባሉ የአስካለ እጅ ወረደ። ነጠላዋን አራግፋ፣ ደህና ዋሉም ሳትል ሄደች።

ከሰዓት፣ ጎፋ

ሜሮን ቤት ድረስ ሸኘችኝ። እንደ አሻንጉሊት አስቀምጠው ቢያስተቃቅፉን እርቅ መስሎኝ! በዚህ ዕድሜዬ፣ ሽበት አብቅዬ፣ ይሄን ለመማር ነው የደከምኩት።

ጎረቤቴ ከድጃ ፎቶውን በሜሮን ስልክ አይታ «ወይ ሲያምር! ታረቃችሁ?» አለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ የደረጃውን አበሳ ሳይቀር።

ስልኩን መለሰችና «ለፎቶ ሦስት ፎቅ ወጣሽ» አለችኝ። «የአስካለ ቤት እኮ ደረጃ የለውም።»