ስሜ ያልተጻፈበት ግምገማ

ይህን ለባለቤቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። እናንተ አታውቁኝምና ልንገራችሁ።

ወይንሸት በትምህርቷ ጉዳይ እኔን የምታማክር ልጅ ናት፤ አሜሪካ፣ ታኮማ ትኖራለች። እዚያው አቅራቢያ ሶዶ በሚሉት ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እያሸገች፣ በተረፋት ጊዜ አገር ቤት ያደገችበትን ወረዳ የጉድጓድ ውሃ ታጠናለች። ያ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛው ጥርሷን አበላሽቶታል፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ዶክትሬት ለመግባት አንድ የታተመ ጥናት ያስፈልጋት ነበርና ጽፋ ለአንድ መጽሔት ላከች። መጽሔቱ ደግሞ "ገምግምልን" ብሎ ለእኔ ላከው። የገምጋሚ ስም ለጸሐፊው አይነገርም፤ የእሷ ስም ግን ለእኔ ይታየኛል።

ጥናቱ የሚተቸው እኔን ነበር። ከዓመታት በፊት ያንኑ ውሃ "ለጤና አያሰጋም" ብዬ አሳትሜያለሁ፤ የለካሁት ግን ዝናብ ውሃውን በሚያቀጥንበት በክረምት ብቻ ነው። እሷ አገር ቤት ሄዳ በበጋ ለካችው። ልክ ነበረች። ልክ መሆኗን ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ አውቄያለሁ። አውቄ ምን ጻፍኩ? "ደረጃውን ያልጠበቀ፣ ለነባር ጥናቶች አክብሮት የጎደለው" ብዬ ጻፍኩ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ለጥናት ጥራት ነበር የተቆረቆርኩት? ለስሜ ነው እንጂ!

ከዚያ ዋይት ሴንተር የሚባል ሰፈር አንድ ሻይ ቤት ቀጠረችኝ። ግምገማውን ፊቴ ዘረጋችው።

"ጋሼ፣ ፔፐሬን ሪጀክት አደረጉት። የእርስዎን ሥራ ስለነካሁ አፍሬ ነው ቀድሜ ያላሳየሁዎት። ይሄ የገመገመው ፈረንጅም ለእርስዎ ተቆርቁሮ መሰለኝ የተቆጣው። ሶ፣ ምን ላድርግ?"

የገዛ ቃሌን እንደ እንግዳ ሰው ቃል አነበብኩት። ያኔ እንኳ መናገር እችል ነበር። ምን ከለከለኝ? አንቱ ስትለኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ እሱን ማጣት ፈራሁ።

"ፈረንጅ ምን ያውቃል ብለሽ ነው! ግን የበጋውን ክፍል አውጪውና ሌላ ቦታ ላኪው" አልኳት።

አወጣችው። የቀረው ሌላ መጽሔት ላይ ታተመላት፤ የዶክትሬቱ ቦታ ግን እስከዚያ አምልጧት ነበር። መጨረሻው ገጽ ላይ "ጋሼ ባይመክሩኝ ተስፋ እቆርጥ ነበር" ብላ አመስግናኛለች። የእኔ ስሕተት ሳይታረም ቀርቷል፤ ውሃውም ዛሬ ድረስ ይጠጣል።

ሥራ በዝቶብኝ ነበር፣ ሳላስተውል ነው አልልም። አስተውዬ ነው ያደረግኩት። የክረምቱን ጥናቴን ላተመውም፣ የእሷን እንድገመግም ለላከልኝም መጽሔት እውነቱን ጽፌያለሁ፣ በስሜ። ለእሷ ግን በደብዳቤ መንገር ከበደኝ፤ ነገ ታኮማ እሄዳለሁ። ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም፤ የምላት ይህን ብቻ ነው፦

ወይንሸት፣ ያ ፈረንጅ እኔ ነኝ።