ከልጄ ተጋጣሚ ጀርባ

በ2005 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ የጤፍ አጨዳ በተጀመረበት ሰሞን፣ ልጄ በጠረጴዛ ቴኒስ እንድትሸነፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ያደረግሁትም ጸሎት ላይ ቆሜ ነው።

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። በዞኑ የሴቶች ነጠላ ውድድር ለፍጻሜ ደርሳ ነበር፤ ያሸነፈችው ባሕር ዳር ሄዳ በክልሉ ውድድር ትጫወታለች። ልጄ ባሕር ዳርን አይታ አታውቅም። ከዚያ ሌላ ወሬም አልነበራትም። ጨዋታው እሑድ ቆሰበር ላይ ነው ተባለ፤ እንጅባራን እኛ የዳንግላ ሰዎች ዛሬም ቆሰበር እንላታለን። እሷ ከመምህሯ ጋር ቅዳሜ ሄደች። እኔ እሑድ አስቀድሼ፣ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ስለ ጨዋታው አዋቂ ነኝ ብዬ አምን ነበር። በክረምቱ፣ ዲሽ ካላት ጎረቤታችን ቤት፣ የለንደኑን ኦሎምፒክ የሴቶች ነጠላ ፍጻሜ ከልጄ ጋር አይቻለሁና። ሁለቱም ተጫዋቾች የአንድ አገር ልጆች ነበሩ። አንደኛዋ ኳስ ስታስጀምር አጠፋሽ ተብላ ተቀጣችና አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። የቴሌቪዥኑ ወሬ በዐረብኛ ስለነበር አንድም ቃል አልገባኝም። ሆኖም ትምህርት ቀስሜ ወጣሁ፦ ተጫዋች ቀና ስትል ከፊቷ የራሷን ሰው ማየት አለባት። ይህን የነገረኝ ማንም የለም።

አዳራሹ ውስጥ ወንበሮች በጎን በኩል ተደርድረዋል። እኔ ወንበር አልፈለግሁም። ከተጋጣሚዋ ጀርባ፣ ልክ ከልጄ ፊት ለፊት ቆምኩ፤ እጆቼን ከነነጠላዬ ዘርግቼ ውዳሴ ማርያም ጀመርኩ።

ልጄ የመጀመሪያውን ዙር ተሸነፈች። ጸሎቴ አንሷል አልኩ። ተጫዋቾቹ ቦታ ሲለዋወጡ እኔም ዞሬ እንደገና ከፊቷ ቆምኩ፤ እጆቼንም ይበልጥ ዘረጋሁ። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ባሰ ተሸነፈች። አንዴማ ኳሷ አጠገቧ እስክትወድቅ ድረስ ራኬቷን አላነሣችም።

ላቧን እየጠረገች ወደ እኔ መጣች።

«እማዬ፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ ከፊቴ ዞር በይልኝ።»

ያፈረችብኝ መሰለኝ። «ከቤተ ክርስቲያን እኮ ነው የመጣሁት» አልኳት።

ዳኛው ጎልማሳ መምህር ነበር። እናት ናት ብሎ ታግሦኝ ኖሯል፤ አሁን ተጠጋኝ።

«እናቴ፣ ኳሷ ነጭ ናት። የእርስዎም ነጠላ ነጭ ነው። ልጅዎ ኳሷ ከየት እንደምትመጣ አታይም።»

ከተጋጣሚዋ ወገን የተቀመጠች ሴትዮ ሳቋን ለቀቀችው። «ተዋቸው እንጂ አንተ ዳኛ! ባሉበት ይቁሙ! ከልጃችን ይበልጥ ያገዙን እሳቸው ናቸው!»

አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። አንዱ ደግሞ «ምነው፣ ሦስተኛውንም ይጸልዩልን!» አለ።

ነጠላዬን እንዳላወልቅ ቀሚሴ የቤት ነው፤ በጎን እንዳልቀመጥ ሰው ሁሉ እየሳቀ ያየኛል። ወጥቼ በሩ አጠገብ ቆምኩ። እግዚአብሔር በር ላይም ሆኜ እንደሚሰማኝ የረሳሁት እኔ ነኝ እንጂ፣ እሱስ ሰምቶኛል። ከውስጥ የሚሰማው የኳሷ ቋ ቋ ማለትና ጭብጨባ ነው። ጭብጨባው ለማን እንደሆነ ስለማላውቅ ለሁሉም «ተመስገን» እያልኩ ቆየሁ። ለሌላዪቱም ልጅ ስንት ጊዜ እንዳመሰገንኩ እሱ ያውቃል።

ሦስተኛውንና አራተኛውን ልጄ አሸነፈች። አምስተኛውን ዘጠኝ ለአሥራ አንድ ተሸነፈች። ባሕር ዳር ሌላዪቱ ሄደች።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች።

«ይቅር በዪኝ» አልኳት።

«አንቺ ምን አደረግሽ?»

«ሁለቱን ዙር።»

ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እያለቀሰች ነው ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቀች ነው። «እጅሽን ስትዘረጊማ ግድግዳው በሙሉ ነጭ ሆነ!» አለችና ዓይኗን ጠረገች። ያን ጊዜ ግን እውነትም እንባ ነበረበት።

«ለከርሞ ምን ላግዝሽ?» አልኳት። «እንደ ልማድሽ ጸልዪልኝ» ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ትምህርት ቤት ያለው ጠረጴዛ አንድ ነው። ጧት ውሃ ቀድቼ እስክደርስ ወንዶቹ ይይዙታል።»

ከመስከረም ጀምሮ ስትለማመድ ይህን አልነገረችኝም። እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

በማግስቱ ጧት እሷ ሳትነሣ ጀሪካኑን ይዤ ወጣሁና ቦኖው ጋ ተሰለፍኩ። ከፊቴ የነበረችው ጎረቤቴ ዞራ አየችኝ።

«ምነው፣ ልጂቱን አመማት እንዴ?»

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩና ተራዬ ሲደርስ ውሃዬን ቀዳሁ።