የጠመንጃው ሞላ እና የአባቴ ዓይን

አባቴ ከሾፌርነት ጡረታ ከወጣ በኋላ በየበዓሉ የአየር ጠመንጃ ይዞ አደባባይ ይወጣ ነበር። ሰሌዳ ላይ ማስቲካ ይደረድራል፤ አላፊ አግዳሚው አልሞ ይተኩሳል፤ የመታ የመታውን ይወስዳል። ጠመንጃው ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ጥምቀት ሲቃረብ፣ ውስጡ ያለው ጥይቷን የሚገፋው ሞላ ደከመና ጥይቷ ሰሌዳው ጋ ሳትደርስ ትወድቅ ጀመር።

«አዘዞ ያለው ብረት ሠሪ ይቀይረዋል» አለ አባቴ። ሰውዬው ግን ለለቅሶ አምባ ጊዮርጊስ ሄዶ ነበር። በዓሉ አራት ቀን ቀርቶታል። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ያውም የፊዚክስ። የሞላን ጠባይ ለተማሪ የማስረዳ ሰው ስለሆንሁ መጠበቁ ሞኝነት መሰለኝ።

ጠመንጃውን ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ ሞላውን አፍኖ የያዘውን ፒን በመዶሻ መምታት ያዝሁ። አባቴ «ተይው! ታምቆ ነው ያለው!» እያለ መጥቶ ሊይዘኝ ጎንበስ ሲል ፒኑ ወጣ። ድምፁን ሰማሁ እንጂ ሞላው ሲፈናጠር አላየሁም። ቀና ስል አባቴ ቀኝ ዓይኑን በሁለት እጁ ይዟል፤ በጣቶቹ መሃል ደም ይወርዳል።

ሆስፒታል ሐኪሙ «ምን ሆነው ነው?» ብሎ ሲጠይቅ አባቴ ቀደመኝ። «ራሴ ስፈታው ነው» አለ። እኔም ዝም አልሁ። ዓይኑ አልተረፈም።

የከፋው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። እናቴ ቃሉን አመነች። «እጅህ እየተንቀጠቀጠ በስተርጅና ምን አስነካህ?» ትለዋለች፤ ምሳ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ጎረቤት ባለበት። እሱ አንገቱን ደፍቶ «እውነትሽን ነው» ይላል። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ እበላለሁ። ስንት ቀን ልናገር ብዬ የጎረስሁትን ብቻ ውጬ ተነሥቻለሁ።

ክረምቱ ሲወጣ አባቴ «ጠመንጃውን እናሠራው» አለኝ። እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። በጨርቅ ጠቅልለን በሚኒባስ አዘዞ ወረድን።

ብረት ሠሪው ቱቦውን አገላብጦ አየ። «አያ፣ ማን ነው እንዲህ የፈለቀቀው?»

አባቴ «እኔ...» ብሎ ሲጀምር «እኔ ነኝ» አልሁ። «ዓይኑንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ሰውዬው ከአሮጌ ሞተር ሳይክል የወጣ ሞላ መረጠ፤ በልኩ ቆረጠው፤ ጫፉን በእሳት አግሎ ጠፍጣፋ አድርጎ አስተኛው፤ ግራሶ ቀባው። ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ በተተከለው የብረት መቆንጠጫ፣ ሞርሳው ላይ፣ አሰረና ሞላውን ወደ ውስጥ የሚገፋ መጭመቂያ አጠመደለት። እጀታውን ለእኔ ሰጠኝ።

«ቀስ አድርገሽ አዙሪ። ፊትሽን ከአቅጣጫው አርቂ።»

አዞርሁ። ግፊቱ ክንዴ ድረስ ተሰማኝ፤ ላቤ ከአገጬ ይንጠባጠብ ነበር። እሱ ፒኑን ከተተና «ሸጋ፣ በቃ» አለ። ሲሞክረው ጥይቷ ቆርቆሮ በሳች።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ «ለምን ዋሸህልኝ?» አልሁት።

«ሰፈሩ ‹የአባቷን ዓይን ያጠፋች› እንዲልሽ አልፈለግሁም» አለኝ። የተጠቀለለውን ጠመንጃ ጉልበቱ ላይ አስተካክሎ፣ «ለእናትሽ ግን ንገሪያት። እኔ ደክሞኛል።»

ያን ቀን ነገርኋት። እስክጨርስ ሰማችኝ፤ ወደ እኔ ግን አልዞረችም። ተነሥታ አባቴ አጠገብ ተቀመጠች።

«ይህን ሁሉ ወር ስናገርህ ምነው ዝም አልህ?»

«ደንግጠሽ ነው የምትናገሪው ብዬ ተውሁት» አላት።

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። እኔን ለሳምንት ያህል አላናገረችኝም። በስምንተኛው ቀን ከሥራ ስገባ ትሪው ቀርቦ ነበር፤ ቀና ሳትል «እጅሽን ታጠቢና ነይ» አለችኝ።