እንደሻው ለጊዜው

አሰላ ውስጥ «እንደሻው የሚባል ሰው» ብላችሁ ብትጠይቁ «የትኛው እንደሻው?» ይሏችኋል። «እንደሻው ለጊዜው» ካላችሁ ግን ያገኛችሁት ሰው ሁሉ ሱቁ በር ድረስ ይዟችሁ ይሄዳል። ሰውዬው የሞተር ሳይክል ኤሌክትሪሻን ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣበት ደግሞ የገዛ አፉ ነው። ከጮሌ ወረዳ የመጣው አጎቱን ሁለት ሳምንት ሊያግዝ ነበር፤ ለጊዜው። ይኸው ሠላሳ አራት ዓመት ሆነው! የሱቁን ጣሪያ በሸራ የሸፈነው ለጊዜው ነበር፤ ሸራው ሦስቴ ተቀደደ፣ ሦስቴ ተቀየረ፣ ቆርቆሮ ግን እስካሁን አልመጣም። ሚስቱ የሺሃረግም ቦታ እስክታገኝ ለጊዜው ብላ የስፌት መኪናዋን ጥግ ላይ አስቀመጠች። ልጆቻቸው እዚያው ጥግ ዳዴ ብለው፣ አድገው፣ ትዳር ይዘው ወጡ፤ መኪናዋ አልወጣችም።

በሥራው ግን የሚስቅበት የለም። አሮጌ ሞተር ሲመጣለት መፈተሻ ቴስተሩን ቶሎ አያነሳም፤ መጀመሪያ ባለቤቱን እንደ ንስሐ አባት ያናዝዘዋል። «መቼ ጠፋ? ዝናብ ነበር? ስትታጠፍ ነው ወይስ ቀጥ ብለህ ስትሄድ?» ከዚያ ከባትሪው ይነሳና ገመዱን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ወደ ቁልፉ፣ ከቁልፉ ወደ ማብሪያው፣ ከማብሪያው ወደ አምፖሉ ይሄዳል። የተበጠሰውን ሲያገኝ ገምዶ ይቀጥለዋል፣ በናስትሮ ፕላስተር ይጠቀልለዋል፤ መጨረሻ ላይ የናስትሮውን ጫፍ በየሺሃረግ አረንጓዴ ክር ጥብቅ አድርጎ ያስራል። የአሰላ ብርድ ናስትሮ ያላቅቃላ! ጎበሳም ሁሩታም ሂዱ፣ ሞተር ውስጥ አረንጓዴ ክር ካያችሁ የእሱ እጅ ነው። በዚያ ክር ደረቱን የሚነፋውን መንፋት አታንሱት።

አምና ጥቅምት ላይ ዑራኤል መጣ። ዑራኤል ከጎንደር ተመድቦ የመጣ የከብት ሐኪም ነው፤ መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ሞተር በዕድሜ ሳይበልጠው አይቀርም። «ጋሼ፣ መሪውን ወደ ግራ ሳዞር የፊት መብራቱ ድርግም ይላል» አለ። እንደሻው ዳበሰና አገኘው። መሪው ሲዞር ገመዱ ከሚታጠፍበት፣ ከሞተሩ አንገት ላይ፣ ሽቦው ከላስቲኩ ሥር ተበጥሷል። እንዲህ ያለው ቦታ አዲስ ሽቦ ገብቶለት በቀለጠ ስታኞ ካልተበየደ አይሆንም። ያን ቀን ደግሞ ከተማው መብራት የለውም፤ መበየጃው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ዑራኤልም የታመሙ ከብቶች ይጠብቁታል፣ ቸኩሏል። እንደሻው ሽቦውን በጣቱ ገመደው፣ ጠቀለለው፣ አሰረው።

«ለጊዜው ነው» አለው። «መብራት ሲመጣ መልሰህ አምጣው፣ እበይደዋለሁ።»

«ጋሼ፣ ለጊዜው ማለት እስከ መቼ ነው?»

በሠላሳ አራት ዓመት ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። እንደሻው ሳቀ። «እኔ እያለሁ ምን ያሳስብሃል! ሂድ ዝም ብለህ!» አለው። ዑራኤል አምኖት ሄደ፤ በዚያው ቀረ። እንደሻውም ረሳው።

ዘንድሮ መጋቢት ላይ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ሳጅን ትንሳኤ ከፖሊስ ጣቢያ ሰው ላከበት። «አንድ ሞተር እንዲያዩልን ነው» ተባለ። እንደሻው መሣሪያውን አንጠልጥሎ ሲደርስ በሩ ላይ አንዲት ሴት፣ ሕፃን አዝላ፣ ቆማለች። የዑራኤል ሚስት መክሊት ናት።

«ጋሼ፣ እርሱ እኮ አይዋሽም» አለችው፣ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ።

ነገሩን ሳጅኑ ነገረው። ሐሙስ ሲጨልም ዑራኤል ከጎበሳ ሲመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ ወደ ግራ ሲታጠፍ፣ የመንገዱን ጠርዝ ይዘው ወደ ቤታቸው የሚሄዱትን አዛውንት ኦቦ ኤዳኦን ገጫቸው። ሽማግሌው እግራቸው ሁለት ቦታ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተዋል። «መብራቱ በድንገት ጠፋብኝ ይላል። እኛ ግን ስናስነሳው ቦግ ብሎ ይበራል። መብራቱ ደህና ከሆነ ልጁ አለቀለት። ሥራውንም ያጣል፣ ይታሰራልም።»

ዑራኤልን ከውስጥ አመጡት። ጫማው ማሰሪያ የለውም፣ ፊቱ ገርጥቷል። እንደሻውን ሲያይ እጅ ነሣና አንገቱን ደፋ።

እንደሻው ሞተሩን አስነሳ። በቀን ብርሃን መብራት በደንብ አይለይምና መዳፉን ጋረደበት፤ ይበራል። መሪውን ቀስ አድርጎ ወደ ግራ አዞረ፤ ጠፋ። መለሰው፤ በራ። ሌሎቹ ከኋላው ያወራሉ፣ አላዩም። ካቻቢቴውን አውጥቶ የመብራቱን ቤት ፈታ፣ አውራ ጣቱን ወደ ሞተሩ አንገት ሰደደ። ጣቱ ክሩን ከዓይኑ በፊት አወቀው። አረንጓዴ ነው። ናስትሮው ውስጥ ሽቦው ሟሽሾ በሁለት ቀጫጭን የሽቦ ዘለላዎች ብቻ ተንጠልጥሏል።

ወይ ጉድ! ጥቅምት፣ ቀዝቃዛው መበየጃ፣ የገዛ ሳቁ፣ ሁሉም ባንዴ መጣበት። የኦቦ ኤዳኦም እግር መጣበት። እውነቱን እንናገር ካልን፣ ያን ጊዜ እጁ ከልቡ ቀደመ፤ ክሩን በጥፍሩ በጠሰና መዳፉ ውስጥ ጨበጠው።

«እህስ ጋሽ እንደሻው?» አለ ሳጅኑ።

«ሽቦው... አርጅቷል። ወደ ግራ ሲዞር ይቋረጣል።»

«አየህ!» አለች መክሊት ከበሩ፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ።

ሳጅኑ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ ብቻውን አያወጣውም። ማርጀቱን እያወቀ ሳያስጠግን ነድቷል ማለት ነው። ጥፋቱ ያው የእሱ ነው።»

«አስጠግኜዋለሁ» አለ ዑራኤል።

«የት? ማን ጋ? ደረሰኝ አለህ?»

ደረሰኝ! እንደሻው በዕድሜው ደረሰኝ ቆርጦ አያውቅም። ዑራኤል ቀና ብሎ አየው። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ቢኖር እንደሻው ይቀለው ነበር። ልጁ ያፈረው ለእሱ ነው። አባቱን የሚያህል ሰው ፖሊስ ፊት «እሱ ነው» ብሎ መጠቆም ይሉኝታ ያዘው። «መልሰህ አምጣው ብለውኝ ነበር፤ ያልመለስኩት እኔ ነኝ» አለ፤ የማንንም ስም አልጠራም።

ክሩ በእንደሻው መዳፍ ውስጥ በላብ ራሰ። ሥራው፣ ስሙ፣ ጎበሳና ሁሩታ ድረስ የሄደው እጁ፣ ሁሉም እዚያች ክር ላይ ታስሯል። ነገ ማን ሞተሩን አምኖ ይሰጠዋል? ምነው ያን ቀን «አልሠራም፣ መብራት እስኪመጣ እዚህ እደር» ባልኩት! አለ በልቡ። ሕፃኗ በእናቷ ጀርባ ላይ ማልቀስ ጀመረች።

እንደሻው መዳፉን ዘረጋ።

«የሚስቴ ክር ነው» አለ። «የጠገንኩት እኔ ነኝ። መበየድ ነበረበት፣ ሳልበይድ ሰደድኩት። እስከ መቼ ነው ብሎ ሲጠይቀኝ አታስብ ብዬ ስቄበታለሁ። አሁን ደግሞ ክሩን የደበቅኩት እኔ ነኝ። ይህንንም ጻፍ።»

ሳጅኑ ክሩን በወረቀት ጠቀለለው፣ ጻፈ፣ አስፈረመው። «ልጁ ዛሬ በዋስ ይወጣል» አለ። መክሊት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እዚያው ቁጭ አለች። ዑራኤል ወደ እንደሻው አንድ እርምጃ ተራመደና ቆመ።

እንደሻው ካቻቢቴውንና ፒንሳውን እየሰበሰበ «እኔስ?» አለ።

«የእርስዎን ጉዳይ መርማሪው ያየዋል። ለጊዜው ወደ ቤትዎ ይሂዱ።»

እንደሻው ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ሌላ ሰው ቃሉን ለእሱ መልስ አድርጎ ሲሰጠው የመጀመሪያው ነው።

«ለጊዜው ማለት እስከ መቼ ነው?» አለ።

ሳጅኑ መዝገቡን አጠፈና ወደ ቢሮው ገባ።