አሮጌዋ ሃርድ ዲስክ

ዛሬ የአጎቴን አሮጌ ዴስክቶፕ ስከፍተው ውስጡ የተጠራቀመው የከተማችን የቆቦ አቧራ አፍንጫዬን አፈነውና ልጅነቴ ትዝ አለኝ።

አጎቴ ሠርግ በቪዲዮ ይቀርጽ ነበር። ሃርድ ዲስኩ ሞልቶበት አንድ ቀን ሌላ ገዝቶ መጣ። አሮጌዋን የሚጥላት መስሎኝ ኬዙን፣ የኮምፒውተሩን ሣጥን፣ አቅፌ አላስነካም አልኩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ድምጿ ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነበራ!

«አብሽሪ! አላወጣትም፤ አዲሱን ከጎኗ ነው የማስገባው» አለኝ።

ብሎኑን አጥብቆ «ቢስሚላህ» ብሎ ሲያበራው ስክሪኑ ላይ አዲሱ ብቻ ታየ። እሪ አልኩ።

«ኧረ ጆሮዬን! ገመዷን ነቅዬ ሳልመልሰው ነው።»

አጥፍቶ ገመዱን ሰካ። አሮጌዋ እያጉረመረመች ተነሳች። ወዲያው ዋጃ ከተማ የቀረጸውን፣ እናቴ ያለችበትን ሠርግ ከፈተልኝ። እናቴ መቀረጽ አትወድም ነበር፤ ካሜራው ሲዞርባት ሻሿን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ «አንተ፣ እኔን ምን ታደርገኛለህ? ሙሽራዋን ቅረጽ!» ትለዋለች። ከእሷ ያለን ይኸው ነው።

አጎቴ አንገቱን ደፍቶ «እንኳን እንቢ አለችኝ» አለ። እናቴ ስትቆጣው ምኑ ደስ እንዳለው ያኔ አልገባኝም። ዝም ብላ ብትቀረጽ ኖሮ ድምጿን አንሰማም ነበር።

ዛሬ የከፈትኩት ያ «አዲሱ» ተበላሽቶ ሌላ ልተካበት ነው። ታናሽ ወንድሜ «አሮጌዋንም አውጫት እንጂ፣ ታንቀራፍፈናለች» ይለኛል። ቪዲዮውን ስልኬ ላይ ከገለበጥኩት ቆይቻለሁ። ቢሆንም አላወጣኋትም። ገመዷን ጠበቅ አድርጌ አበራሁት፤ እስክታጉረመርም ድረስም ኬዙን አልዘጋሁም።