ቅቤ የጠጣው ወይራ

ዘንድሮም የወይራውን ዱላ ከግድግዳው አውርጄ ቅቤ ቀባሁት። ሽታው እጄ ላይ ሲቀር የአባቴ ቤት ደጃፍ ድቅን ይልብኛል።

በደርግ ጊዜ አባቴ የቀበሌ ጥበቃ ነበር። ጠብ እንዳይነሳ በከሚሴ ከተማ ገበያ መግቢያ ላይ የገበሬውን ዱላ ይሰበስባል፤ ገበያው ሲበተን ሁሉም የራሱን ለይቶ ይወስዳል። አንድ ቀን ግን “ከእንግዲህ አይመለስም” የሚል ትእዛዝ መጣ። ሽመሉም ቆመጡም ለማገዶ ሲጫን አባቴ አንዱን ወይራ ይዞ ቤት ገባ።

በሳምንቱ ከጨፋ አንድ ሽማግሌ መጥተው ደጃፋችን ላይ ቆሙ።

“ዱላዬን ፍለጋ ነው የመጣሁት” አሉ።

“ወላሂ፣ እኔ ጋ የለም” አላቸው አባቴ።

ዱላው ከኋላው ግድግዳውን ተደግፎ ይታያል። ሽማግሌው አዩት። ከአባቴ ጋር አልተከራከሩም፤ አጠገቡ ወደቆምኩት ወደ እኔ ዞሩ።

“ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ያለበትን ቤት ካወቅሽ ቅቤ ቀቡት በያቸው። ወይራ ሲጠማው ይሰነጠቃል። የአባቴ ነበር።”

አጥሩን በእጃቸው እየተደገፉ ሄዱ።

አባቴ ከሞተ ቆየ። ልጆቼ እንግዳ ሲመጣ “የአያታችን ዱላ ነው” እያሉ ያሳያሉ። የማን እንደነበር አልነገርኳቸውም፤ ቅቤውን ግን አላስታጎልኩም። እስከ ዛሬ የትም ቦታ አልተሰነጠቀም።